ይለፍሽ!

የትነበርሽ ነጋ ከኮሶዬ ወጥታ ለአዲስ አበባ ክለብ ስንት ዓመት ሮጣ፣ አንድ ቀን ልምምድ ላይ የተረከዟ ጅማት ተበጠሰና ሩጫዋ እዚያው አበቃ። ሐኪሙ «መራመድ ትችያለሽ» ያላት እንደ ምሥራች ነበር። ለሯጭ ይህ ስድብ መሆኑን ማን ይንገረው!

ጎንደር የመጣችው አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ እግሯን ለመታከም ነው። አንድ ቀን ከሕክምና ስትመለስ፣ ከከተማው በላይ ካለው ሆቴል ግቢ አንድ ኳስ አጥሩን ዘሎ በቁልቁለቱ ተንከባለለ። ሳታስበው እያነከሰች ተከትላ ያዘችው።

«ምነው እህቴ፣ በዚህ እግርሽ! እኔ አመጣው አልነበር?» አለ ከኋላዋ የደረሰው ወጣት።

«አንተን ቢጠብቅ ኖሮ ቀሐ ወንዝ ገብቶ ነበር።»

ወጣቱ ሳቀ። ልዑልቃል ይባላል፤ የመሪጌታ ሐብተ ማርያም ልጅና የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ነው። ዱባይ ሲሠራ የለመደውን ፓድል የተባለ ጨዋታ ለሆቴሉ ባለቤት ለወይዘሮ ሸዋረጋ አውርቶ አውርቶ፣ ግቢው ውስጥ በመስታወት የታጠረ ሜዳ አሠርቷቸዋል። ጨዋታው የቴኒስ ታናሽ ወንድም ነው፤ ኳሱ መሬት ነጥሮ ከኋላ ያለውን መስታወት መትቶ ሲመለስም መምታት ይቻላል። ሜዳው አለ፣ ራኬቱ አለ፤ አሠልጣኝ ግን የለም።

«እኔ እሆናለሁ» አለች የትነበርሽ።

«ተጫውተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። እማራለኋ!»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ድፍረቷን ወደዱላት፤ ነጋዴ ናቸውና ግን ቁርጥ ያለ ነገር ነገሯት። ለጥምቀት የሚመጡትን እንግዶች ታስተምራለች። ከወደዷት ሥራው የእሷ ነው፤ ካልወደዷት ከአዲስ አበባ ሌላ ሰው ይመጣል። ይህ ሥራ ካመለጣት ኮሶዬ ተመልሳ «ሯጭ የነበረችው» እየተባለች መኖሯ ነው። «ነበረች» የምትለዋን ቃል ደግሞ ከእግሯ ሕመም የበለጠ ትጠላታለች።

በየማለዳው ልዑልቃል ያለማምዳት ጀመር። ሯጭ ናትና ኳስ ባየች ቁጥር ትሮጣለች፤ መስታወቱ መልሶ የሚሰጣትን ኳስ ቀድማ እየተሻማች ታበላሸዋለች። ልዑልቃልም ከመረቡ ማዶ «ይለፍሽ!» እያለ ይጮኻል። ኳሱ ይለፍሽ፣ ሲመለስ ታገኚዋለሽ ማለቱ ነው። እሷ ግን መጠበቅ አልፈጠረባትም። ትወድቃለች፣ አቧራዋን አራግፋ ትነሣለች፣ «ድገመው» ትለዋለች።

ተረከዟ ሲያብጥ በረዶ ያመጣላታል። ጎንበስ ብሎም እግሯን ያስርላታል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ ቀድማ የምትሸሸው እሷ ናት። ወዳው ነበር፤ በጣም ወዳው ነበር።

የገና በዓል ሲቃረብ ከሆቴሉ ወጥ ቤት አንድ ወሬ ሰማች። መሪጌታ ለልጃቸው የቄስ ልጅ መርጠዋል ይባላል። የትነበርሽ ነገር በሆዷ የሚያድር ሴት አይደለችም፤ በማግሥቱ ጨዋታው መሐል አወጣችው።

«አባትህ ሚስት መርጠውልሃል አሉ» አለች ኳሱን እየመለሰች። «እኔስ ታዲያ ምን ልሁን?»

«ይለፍሽ!»

ራኬቷን ዝቅ አደረገች። ኳሱ መስታወቱን መትቶ እግሯ ሥር ቆመ።

«ምነው ቆምሽ?» አላት።

«ገብቶኛል» ብላው ወጣች።

አኩርፋ ልምምዱን ተወች እንዳትሉ። የኮሶዬ ልጅ በኩርፊያ ሥራ አታጣም! በማግሥቱም መጣች፤ ብቻ ከኳስ በቀር ሌላ ወሬ አቆመች። ልዑልቃል «ምን አጠፋሁ?» ቢላት «ምታ» ትለዋለች። እሱ ሥራ ሲገባ ብቻዋን ከመስታወቱ ጋር ትለማመዳለች። ሆዷ እንደባባ ኳሱን ማሳለፍ፣ መጠበቅ፣ ከዚያ መምታት ለመደች።

የጥምቀት እንግዶች መጡ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ፤ ልዑልቃል ከመስታወቱ ውጪ ቆመ። ከተማሪዎቹ መካከል ምስጢር የምትባል ወሬኛ ወጣት ነበረች፤ ራኬት ይዛም አፏ አያርፍም።

«እጮኛዬ ለበዓሉ ከአዲ አርቃይ ይመጣል። ምን ትያለሽ፣ በዚያው ቀለበት ብናስር…»

«ይለፍሽ!» ብላ ጮኸች የትነበርሽ።

ምስጢር ክው አለች። «ምነው! እጮኛዬ ለምን ይለፈኝ?»

«ኳሱን ነው! ኳሱን!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የትነበርሽ ግን ደንግጣ ወደ ልዑልቃል ዞረች፤ ፊቷ ጋለ። ሮጣ ብትጠይቀው በወደደች፤ ግን ሥራ ላይ ናት። ወደ ምስጢር ተመልሳ ክንዷን ያዘችና «እይው፣ አሳልፊው፣ አሁን!» አለቻት። ምስጢር መታች፤ ኳሱ መረቡን ተሻገረ። ልጅቱ በደስታ ዘለለች። ሲጨርሱ እንግዶቹ «ነገም አለሽ?» እያሉ ከበቧት።

«አለች» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ ከወንበራቸው። «ልጄ፣ ሸጋ አድርገሻል። ሌላ ሰው አላስመጣም።»

ሰዉ ሲበተን ልዑልቃልን ጠራችው። «ያን ጠዋት እኔስ ምን ልሁን ስልህ ሰምተኸኛል?»

«አልሰማሁም። ኳሱ መስታወቱን ሲመታ ምን ይሰማል?» ቃሉን ሲረዳ ድምፁ ተለወጠ። «እንዴ! ይለፍሽ ያልኩት ስለ እኔ መሰለሽ?»

«ታዲያ ሌላ ምን ይምሰለኝ?» አለችው።

«የአባቴን ምርጫ እምቢ ካልኩ ቆየሁ። አንቺን እንደምወድም ነግሬያቸዋለሁ። ሯጭ ቤት አትቀመጥም አሉኝ።»

«እውነታቸውን ነው። አልቀመጥም።»

«እኔም ብትቀመጥ አልወዳትም ነበር አልኳቸው። ሰሞኑን ሲያስቡበት ከርመው ትናንት እሺ አሉ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ኮሶዬ ሽማግሌ ልላክ?»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አንገቷን ግን አላቀረቀረችም።

«ላክ» አለችው። «ብቻ ሽማግሌዎቹ አባቴ ፊት ሲቆሙ ሯጭ የነበረችውን ብለው እንዳይጠይቁኝ። አሠልጣኟን ልጅዎን ይበሉ።»