ሦስተኛ ላይ የቸከለችው መኪና

አባቷ ሲምል ሱንዱስ ዓይኗን ወደ ጋራዡ ወለል ጣለች።

«ወላሂ መኪናዋን ማንም አልነካትም» አለ አባቷ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ትናንት ደህና ነበረች። ዛሬ ጠዋት ዘይድ አበባ ሊያመጣ ወሰዳት፣ እንዲህ አድርጎ መለሳት። ሌላ የማውቀው የለም።»

መካኒኩ አቡ ነዲም ጣቶቹን በጨርቅ እየጠረገ ራሱን ነቀነቀ። በዮርዳኖሷ ኢርቢድ ከተማ ውስጥ የመኪናው ካምቢዮ የታመመበት ሰው መጨረሻው እሱ ጋራዥ ነው። እሱም ለሁሉም አንድ ጥያቄ አለው፤ ከመበላሸቷ በፊት ምን ተደረገች? መልሱም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ምንም። ባለቤቶቹን ካመንን፣ በዚያ በር የገባ መኪና ሁሉ ከመሬት ተነስቶ የታመመ ነው።

ሱንዱስ ግን ታውቃለች። ትናንት ከሰዓት አባቷ ሥራ ላይ ሳለ የጎረቤታቸውን የግፊት ውሃ ማጠቢያ ተውሳ፣ ኮፈኑን ከፍታ፣ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ላቫጆ እንደገባ መኪና አጥባዋለች።

ለክፋት አልነበረም። ነገ ዓርብ ወንድሟ ቁተይባ ያገባል። ሙሽራዋን ከአጅሉን ተራራ የምታመጣት ይህችው የአባቷ ነጭ መኪና ናት። የሙሽራዋ ወንድሞች ደግሞ ቀልድ የማይሰለቻቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት ታላቅ እህታቸው ስታገባ የሙሽራውን መኪና መንገድ ላይ አስቁመው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ «ይሄን ሁሉ አቧራ ይዛችሁ ነው ልጃችንን የምትወስዱት?» እያሉ ሽማግሌዎቹን ሳይቀር አስቀዋል። ይህን የሰማችው የሱንዱስ እናት ሳምንቱን ሙሉ «ሙሽራ የምትጭን መኪና ሆዷም ንጹሕ ይሁን» ስትል ከረመች። አባቷ ግን ሞተር ላይ ውሃ ጠብ እንዲል አይፈልግም፤ በየሳምንቱ ራሱ በጨርቅ ይወለውለዋል። ዛሬ ኮፈኑ ሲከፈት ንጽሕናው ማንንም ያልገረመውም ለዚህ ነው። ጨርቅ በማይደርስበት ጥግ ምን ያህል ጥቀርሻ ተቀምጦ እንደነበር የምታውቀው ሱንዱስ ብቻ ናት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ጉዳቱ መኪናዋ ላይ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። ዘይድ የአክስቷ ልጅ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመት አልሞላውም፤ የሙሽራዋን መኪና እንዲነዳ ቁተይባ ሲመርጠው ያልነገረው የሰፈር ሰው የለም። ሱንዱስ ጋ እየመጣ ክራባት ማሰር ሲለማመድ፣ «አንተ ነህ እንዴ የምታገባው?» እያለች ትስቅበት ነበር። ዛሬ ጠዋት መኪናዋን እየደነበረች ግቢ ሲያስገባት አባቷ ምን ሆነች ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ዘይድ አንድ ጊዜ ባዶ ሜዳ ላይ ጎማ ሲያጮህ ተይዟል፤ ለአባቷ ጥርጣሬ ያቺ በቂ ነበረች። «ስትሽቀዳደምባት ነው የገደልካት» አለው በጎረቤት ፊት። ዘይድ ቀስ ብዬ ነው የነዳኋት ብሎ በእናቱ ማለ፤ ማን ሰምቶት። ነገ መሪ እንደማይዝ፣ የሰርጉ መኪኖች ሰልፍ ውስጥም እንዳይታይ ተነገረው። ቁልፉን አስረከበና በእግሩ ሄደ። ሱንዱስ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ በመስኮት አየችው፤ መጋረጃውንም መልሳ ዘጋች።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የሷ ዝምታ ከጠዋት እስከ ቀትር እንኳ ሳይነቅዝ መቆየት አልቻለም።

አቡ ነዲም የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ስቦ አወጣና አሸተተው። ከዚያ ለአባቷ አስጠጋለት። በሩጫ የሞተ ካምቢዮ ዘይቱ እንደሚጠቁር፣ የተቃጠለ እንደሚሸት፣ ይሄ ግን ቀይና ንጹሕ እንደሆነ ነገረው። መኪናዋን ይዞ ሰፈሩን ሲዞርባት ደግሞ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ቸክላ ቀረች፤ ወደ ሁለትም አትወርድ፣ ወደ አራትም አትወጣ። ኮምፒውተሩን ሰካ፣ የወጣውን አነበበ፣ ጢሙን አሻሸ።

«ፍጥነቷን የሚነግራት ሴንሰር አለ» አለ። «እሱ የሚላትን መስማት አቅቷታል። የምትሰማውን ካላመነች፣ ራሷን እንዳትጎዳ ብላ ሦስተኛ ላይ ትቀመጣለች። ክረምት ቢሆን ዝናብ ሶኬት ውስጥ ገባ እላለሁ። በዚህ በጋ ውሃ ከየት ይመጣል? ችግሩ ከውስጥ ነው። ካምቢዮው ይውረድ።»

«ለነገ ትደርሳለች?»

«ለሳምንት በላት።»

አባቷ ፊቱ ጠቆረ። ከጎረቤት መስጊድ የቀትር አዛን ሲሰማ ሰግዶ እንደሚመለስ፣ ከዚያም ለቁተይባ ደውሎ ሌላ መኪና ፈልግ እንደሚለው ተናግሮ ወጣ። ለልጁ መርዶ እንደሚነግር ሰው እግሩን እየጎተተ ነበር የሄደው።

አቡ ነዲም ክሪኩን ከመኪናዋ ስር አስገባ። ሱንዱስ ወደ መኪናዋ ጠጋ አለች። ካምቢዮው ከወረደ ወዲያ እውነቱ ለማንም እንደማይጠቅም ገባት።

«ውሃ ገብቷል» አለች።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ትናንት ሞተሩን አጥቤዋለሁ። በግፊት ውሃ። አባቴ አያውቅም።»

አቡ ነዲም ክሪኩን ለቆ ቀጥ አለ። የሚቆጣት መስሏት ትከሻዋን ሰበሰበች። እሱ ግን ሞተሩ ጠፍቶ እንደነበር፣ ውሃውን በየት በኩል እንደረጨችው ብቻ ጠየቃት። ባትሪው ጎን ያለውን ጥግ በጣቷ አሳየችው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ምንም አልተደረገችም ስባል ኖሬ» አለ እየሳቀ፣ «ይኸው ዛሬ አንድ ሰው እውነቱን ነገረኝ።»

ባትሪውን ፈቶ አነሳ፣ ከስሩ እጁን ሰዶ አንድ ጥቁር ሶኬት ነቀለ። ዘንበል ሲያደርገው ውሃው መዳፉ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ለሱንዱስ አሳያት። ሶኬቱን በኮምፕሬሰር ነፋው፣ የሽቦ ማጽጃ ረጨበት፣ እስኪደርቅ ጠበቀው፣ መልሶ ቀጭ እስኪል ሰካው። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን ስህተት አጥፍቶ መኪናዋን ለሙከራ ይዟት ወጣ። ሲመለስ አባቷ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ካምቢዮህ ጤነኛ ነው አቡ ቁተይባ» አለ አባቷን በልጁ ስም እየጠራ። «ሶኬት ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው። አድርቄዋለሁ፤ አላህ ይመስገን በል።»

አባቷ አቅፎ ሳመው። ትንሽ ቆይቶ ግን ግንባሩ ተቋጠረ። «ውሃ? ያ ቀበጥ ወንዝ ውስጥ ነድቷት ነዋ! አላልኩም?»

አቡ ነዲም ሱንዱስን አየት አደረጋት። ጠበቀ። እሷ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። «እኔ የማውቀው ካምቢዮ ነው» አለና እጁን ሊታጠብ ገባ።

በመንገድ ላይ አባቷ እያፏጨ ይነዳል። መኪናዋ ከማርሽ ወደ ማርሽ ስታልፍ አትደነብርም፤ ሆድን ደስ ያሰኛል። ሱንዱስ ግን ከጠዋቱ የባሰ ከበዳት። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል፤ ሰርጉ ይሰረጋል፣ የሚጠይቃትም የለም። ዘይድም ሳምንት ቢያኮርፍ ነው፣ ይረሳዋል። እንዲህ እያለች ራሷን ልታሳምን ሞከረች። ከዚያ ክራባቱ ትዝ አላት። ዘይድ እንደማይረሳው ታውቃለች፤ እሷ ብትሆን አትረሳም።

ቀይ መብራት አቆማቸው። በቀጥታ ቤታቸው ነው፤ በግራ የአክስቷ ቤት።

«አባዬ፣ በአክስቴ ቤት በኩል እንሂድ።»

«ምን ልናደርግ?»

«ቁልፉን ለዘይድ ልትሰጠው።»

አባቷ ሳቀ። ዞሮ ሲያያት ግን ሳቁ ቆመ።

«ወንዝ ውስጥ አልነዳትም» አለች። «ሞተሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ትናንት። ሆዷም ንጹሕ ይሁን ብዬ።»

አባቷ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ከፊታቸው እግረኞች ተሻገሩ፣ አንድ ሽማግሌ ሐብሐብ ተሸክሞ አለፈ። እሱ ሁለቱም እጁ መሪው ላይ ነው።

«ማንም አልነካትም ብዬ ማልኩ እኮ» አለ በመጨረሻ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ያዘነ ይመስል ነበር። «በአላህ ስም።»

«ሰምቼሃለሁ።»

«ልጁንም በሰው ፊት ሰደብኩት።»

«እሱንም ሰምቻለሁ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ጥሩምባ ጮኸ። አባቷ በረጅሙ ተነፈሰና የግራ ምልክት አበራ።

«እኔም ለሱ የምለው አለኝ» አለ መሪውን እያዞረ። «መጀመሪያ ግን አንቺ።»

መኪናዋ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለችና ወደ አራተኛ ገባች። ዘይድ የቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነጯን መኪና ሲያይ ተነስቶ ወደ ውስጥ ሊገባ ዞረ።

«ዘይድ!» አለች ሱንዱስ፤ መኪናዋ ቆም ከማለቷ በሩን ከፍታ ወረደች።