ገና ያልተወለደው ፋይል

«እና ያ አረንጓዴ ጋራስ?» አለች እማዬ።

ማክዳ እጇ ማውሱ ላይ እንዳለ ዞር አለች። «የቱ ጋራ?»

«ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚመጣው ነዋ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ የታጨደ የሚመስለው። እሱም አብሮ ሊጠፋ ነው?»

«እማዬ፣ እሱ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ሥዕል ነው። የማንም አይደለም።»

«የማንም ያልሆነ ጋራ የለም» አለች እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ። «የአንድ ሰው አገር ነው። ገልብጪው።»

ማክዳ በረጅሙ ተነፈሰችና ጋራውን ገለበጠችው። አሁን ፍላሹ ላይ የአክስቷ የሠርግ ፎቶዎች፣ የእማዬ መዝሙሮች፣ የአጎቷ የድሮ የቢሮ ደብዳቤዎችና የማይታወቅ ሰው ጋራ አንድ ላይ ተቀመጡ። ፍላሹን ነቅላ ለእናቷ ሰጠቻት። እማዬም በመሐረብ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ አዲስ ሲስተም ከባዶ ይጫንበታል።

ኮምፒውተሩን ያመጡት የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ፈቀደ ናቸው። ከቢሯቸው ሲወገድ ነው ያገኙት። ሰባ ደረጃ አጠገብ ባለችው ጠባብ ቤታቸው ውስጥ ከቁምሳጥኑ ቀጥሎ ትልቁን ቦታ የያዘው እሱ ነው። አንድ ገጽ እስኪከፍት ሽሮ ይበስላል፤ አንዳንዴም ሽሮው ተበልቶ ያልቃል። ባለፈው ሳምንት ጋሼ ፈቀደ መጥተው አዩትና ፍርድ ሰጡ።

«ቅዳሜ ለምሳ እመጣለሁ። ከሠራ ያንቺ ነው። ካልሠራ ለቁራሌው ይሰጥና ቤቱ ይተንፍስ።»

ማክዳ ትምህርት ቤት አንዱን ኮምፒውተር የምትጠቀመው ከሦስት ልጆች ጋር ነው። ማውሱ ሁልጊዜ የሚደርሰው ትከሻው ሰፊ ለሆነ ልጅ ሲሆን ለእሷ የሚደርሳት ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ቁራሌው «ቁራሌው! ያለው!» እያለ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር እጇን የኮምፒውተሩ ጎን ላይ ታደርግ ነበር፤ ጆሮውን ልትሸፍንለት እንደፈለገች ሁሉ።

እነሆ ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋት ጎኑን ከፍታ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ስትጠርግ እማዬ በር ላይ ቆማ ታማትብ ነበር። ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ ያስፈራታል። ስልክ እንኳ ስታነሳ «ሄሎ» ከማለቷ በፊት «ምን ሆናችሁ?» ነው የምትለው። ከሁሉ የባሰ ያሳሰባት ግን ከፒያሳ የተገዛችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ ነበረች።

«የኮምፒውተር ባትሪ ሰዓት ሠሪ ሸጠልሽ? አታሎሻል።»

«አላታለለኝም። ይቺ ባትሪ ስትሞት ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ለዚህ ነው ሲነሳ ሁልጊዜ የሚደናበረው።»

ማክዳ ባትሪዋን ቀየረችና ጎኑን ገጠመች። ከዚያ ማስተካከያው ያለበትን ሰማያዊ ገጽ ከፈተች። ገጹ ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ ነው። የመደመር ምልክት ያላትን ቁልፍ እየተጫነች ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ሞላች። እማዬ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ከትከሻዋ በላይ ትመለከት ነበር።

«ይቺ ከፍ ታደርጋለች፣ ይቺ ዝቅ ታደርጋለች ማለት ነው?»

«አዎ። አሁን አዲሱ ሲስተም ያለበትን ፍላሽ ከሙኒር ላመጣ ነው። እንዳለ ይቆይ፣ ማንም እንዳይነካው።»

«ማን ይነካዋል! እኔ እንደሆን ባጠገቡም አላልፍ።»

ሙኒር ከታች ያለው ግቢ ልጅ ነው፤ የክፍል ጓደኛዋም ነው። አዲሱን ሲስተም ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር።

«ማኪ፣ የዛሬው ኦፕራሲዮን ነው አቦ! በሽተኛው አልጋው ላይ ነው?»

«አልጋው ላይ ነው። አፍህን ዝጋና ና።»

ሲመለሱ እማዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ደህና መረጋጋቷ ብቻ ማክዳን ሊያስጠረጥራት በተገባ ነበር። ማክዳ ግን ወደ እናቷም ወደ ገጹም በደንብ ሳታይ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነችና ፍላሹን ሰካች። ኮምፒውተሩ ተነሳ። ጥቂት ነገር ከጠየቀ በኋላ ትልቁን ጥያቄ አመጣ፤ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ?

የማክዳ ጣት አየር ላይ ቀረ።

«ቢስሚላህ በይና ተጫኚው» አለ ሙኒር።

«በስመ አብ በይ!» አለች እማዬ ከጥጉ።

«በየራሳችሁ በሉልኝ» አለችና ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው።

አረንጓዴው ጋራም፣ ሌላውም ሁሉ ጠፋ። መጫኑ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደ። ቀሪዎቹን ፋይሎች በማክዳ ስልክ በኩል ከኢንተርኔት ለማምጣት ሲሞክር ግን ቆመና ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ሙኒር ተጠግቶ አነበበው።

«ይህ ፋይል ጊዜው ገና አልደረሰም ይላል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ገና አልተወለደም ማለት ነዋ!»

«ፋይል ይወለዳል እንዴ?»

«እኔ አዋላጅ ነኝ? ደግመሽ ሞክሪ።»

ደገመች፤ ያው ነው። ፍላሹን ነቅላ፣ እፍ ብላ፣ መልሳ ሰካችው፤ አሁንም አልተወለደም። አሮጌው ሲስተም ተጠርጓል፣ አዲሱ አልገባም። ኮምፒውተሩ አሁን በእርግጥ ብረት ብቻ ነው። የምሳ ሰዓትም ደርሷል።

«ፍላሽህ ነው!» አለች ማክዳ። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነህ። ግማሽ ሠርተህ ሙሉ ታወራለህ!»

«ፍላሼ? ትናንት በዚሁ ፍላሽ የወንድሜን ላፕቶፕ ጭኛለሁ!»

«እና እዚህ ለምን እንቢ አለ? ፋራ!»

ሙኒር የተለመደ ቀልዱን ትቶ ተነሳ። ጫማውን በሩ ላይ አጠለቀ። «እኔ ጀለሴ ብዬ ነው የመጣሁት። ይመችሽ» አለና ፍላሹን እንኳ ሳይወስድ ሄደ።

ማክዳ ምን እንደምታደርግ ስለጠፋት ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችና ወደ ሰማያዊው ገጽ ተመለሰች። ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ማየት ያዘች። ዓመቱ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቀረ። 2018 ይላል። እሷ በገዛ እጇ የሞላችው 2026 ነበር። ኮምፒውተሩ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተቀምጦ ዘንድሮ የተሠራን ፋይል «ገና ነህ» ሲል ቆይቷል።

«አየሽው?» አለች እማዬ። ምስሩን አስቀምጣ ተነስታለች፤ ፊቷ በርቷል። «እኔ ነኝ ያረምኩት። ስትወጪ ባቧራ ጨርቅ ልጠርገው ብዬ ቀና ስል፣ ከዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መሀል አንድ ነገር አነበብኩ። ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት! ስምንት ዓመት ቀድሞ! ወንድም ጋሼ ቢያይ ልጄን ይስቅባታል አልኩና በዝቅ ማድረጊያዋ ቀስ እያልኩ መለስኩት። ወሩ ግራ ስላጋባኝ ተውኩት።»

ማክዳ እናቷን አየቻት። እማዬ አምስት ኪሎ አካባቢ የማታ ትምህርት ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። እዚህ ማሽን ላይ ጣቷን ስታሳርፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

በሩ ተንኳኳና ጋሼ ፈቀደ ገቡ። ገና ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ኮምፒውተሩን አዩት።

«አልሠራም አይደል? ብዬ ነበር። ማን ነው ያበላሸው? ያ ሙኒር ነው? ደረጃው ላይ ፊቱን አጨፍግጎ ሲወርድ አገኘሁት።»

ለመልሱ አንዲት «አዎ» ትበቃ ነበር። ሙኒር ሄዷል፣ አይሰማም። እማዬ አንዴ ወንድሟን አንዴ ልጇን አየች፤ የበራው ፊቷ ቀስ እያለ መጥፋት ጀመረ። ባለፈው ጋሼ ፈቀደ «በዚህ ዕድሜሽ ፊደል ቆጥረሽ ሚኒስትር ልትሆኚ ነው?» ብለው በሳቁ ጊዜ ሳምንት ሙሉ «ወገቤን አመመኝ» ብላ ከትምህርት ቀርታለች። ወገቧን እንዳላመማት ማክዳ ታውቃለች።

«ሙኒር አይደለም» አለች ማክዳ። «ኮምፒውተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሄደው። እማዬ ዓመቱን አንብባ በእኛ አረመችው። በእኛ ከሆነ ልክ ናት። በፈረንጅ ነው ብዬ ያልነገርኳት እኔ ነኝ።»

የጋሼ ፈቀደ ትከሻ ለሳቅ መነቅነቅ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ዛሬ በፈረንጅ ቀኑ ስንት ነው?» አለች ማክዳ ቶሎ ብላ።

«ዛሬማ…» ጋሼ ፈቀደ ጣታቸውን አነሱ። «በእኛ ላይ ሰባት ትደምሪና… የለም፣ ስምንት… ቀኑ ላይ ደግሞ… ወሩ የትኛው ነው አልሽኝ?» ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። «ጥሩነሽ፣ ምሳው ደረሰ?»

«ምሳ እስኪያልቅ ጊዜ አለኝ?» አለች ማክዳ።

ጋሼ ፈቀደ ኮምፒውተሩን፣ ከዚያ እህታቸውን ተመለከቱ። «እኔ እንደሆን ቀስ ብዬ ነው የምበላው» አሉ።

ማክዳ ሠርታ ለመጨረስ ወደ ወንበሩ ሄደች። ቁልፉን ስምንት ጊዜ መጫን ነው፤ ከዚያ ፍላሹ እዚሁ አለ። እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ወንበሩን ከጠረጴዛው ስባ አወጣችና ወደ እናቷ አዞረችው።

«እማዬ፣ ወደ 2026 መልሺልኝ። እኔ ሙኒርን ይቅርታ ልጠይቀው እየሄድኩ ነው።»

«ብቻዬን? ኧረ በእመቤቴ! ቢፈነዳስ?»

«አይፈነዳም።»

«እኔ አለሁ» ብለው ጋሼ ፈቀደ እጃቸውን ወደ ቁልፎቹ ሰደዱ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምሳዎን ይብሉ።»

ጫማዋን ስታስር ከኋላዋ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች። ከዚያ አንዲት ቀጭን የቁልፍ ድምፅ። ዞር ብላ ልታይ ፈለገች። ግን ሳትዞር በሩን ገርበብ አድርጋ ደረጃውን ወረደች።