ባዶው መሰኪያ

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ከማንም አልሰማሁትም።

ሥራዬ ሮቤ ውስጥ ባለ አንድ ላቦራቶሪ የመለኪያ መሣሪያዎችን ትክክለኛነት ማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ያየሁትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ጎባ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ቀትር ነው እንግዲህ... ሌሊት አይደለም። ጉሙ ግን ከሳነቴ አምባ ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል።

ቦታው የድሮ ሬዲዮዎች ተጠግነው ለእይታ የሚቀመጡበት አዳራሽ ነው።

የሬዲዮዎቹ ጠጋኝ፣ ጓደኛዬ ወንዶሰን፣ የሞተው እዚያ ነው።

የድሮ ሬዲዮ በቫልቭ ነው የሚሠራው። ቫልቭ አምፖል የምትመስል፣ ስትግል የምትሠራ የመስታወት ዕቃ ናት። ውስጧ ያሉት ብረቶች እርስ በርስ የተነካኩ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ ሬዲዮው ብረት ያልፋል። ወንዶሰን ያንን ብረት ነክቶ ሞተ።

የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ክብሩ ለወንዶሰን ሚስት ለሩሃማ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ቫልቩን ሳይፈትሽ ሰክቶ ነው፣ ቸልተኛ ነበር አላት።

ቸልተኛ... ወንዶሰን።

ሩሃማን ከሐዘኑ ይልቅ ያከሳት ይህ ቃል ነው። እኔም ሰምቼ ደሜ ፈላ። ወንዶሰን ሳይፈትሽ አይሰካም። ያሳሳተው መፈተሻው መሆን አለበት አልኩ። መፈተሻው ቫልቭ ሲሰካበት ደህና መሆኗን በመርፌ የሚያሳይ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ሳጥን ነው። ስህተቱን አግኝቼ የጓደኛዬን ስም ላጠራ ሄድኩ።

ዘበኛው ባዳሳ በሩን ከፈተልኝና እሱ ደጅ ቀረ።

"አኒ ሂን ሴኑ" አለኝ በሹክሹክታ። "አልገባም እህቴ... ክፍሉ ይበርዳል።"

"ጎባ መቼ ሞቆ ያውቃል?"

"ይሄ የጎባ ብርድ አይደለም።"

አቶ ክብሩ ካፖርቱን እንደለበሰ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል።

"ሳምሪ... ማሽን ልትከሺ መጣሽ?" አለኝ እየሳቀ።

ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩ።

መብራት ስለሚዋዥቅ ስታቢላይዘር ይዣለሁ። ሮቤ የለካኋቸውን ሦስት ቫልቮች በየተራ መፈተሻው ላይ ሰካሁ። ደህናዋን ደህና አለ። የደከመችውን ደካማ አለ። የተነካካችውን ወዲያው ያዛት።

ደገምኩ። ያው ነው።

መፈተሻው አይሳሳትም።

"እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው?" አለ ክብሩ። "ሄደሽ ለሩሃማ ንገሪያታ።"

የሰካኋትን ቫልቭ ነቀልኩ። መርፌው ዜሮ ላይ ወደቀ።

ከዚያ ተነሣ።

መሰኪያው ባዶ ነው።

መርፌው ግን ቫልቭ ስትግል እንደሚያደርገው... ቀስ እያለ... ወጥቶ "ደህና" ላይ ቆመ።

ስታቢላይዘሩን አጠፋሁ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩ። መርፌው አልወረደም።

መዳፌን ከመሰኪያው በላይ አስጠጋሁ። የምትሠራ ቫልቭ ታቃጥላለች። ይሄ ግን እንደ በረዶ ነው።

ክብሩ ጎንበስ አለ። ድምፁ ቀንሷል።

"አጥፊው።"

"ጠፍቷል።"

ትንፋሹ በብርዱ እንደ ጭስ ወጣ። መሰኪያው ጋ ሲደርስ... አልተበተነም። መስታወት ላይ እንደሚይዝ እንፋሎት አየር ላይ ያዘ።

የአንዲት ቫልቭ ቅርጽ ታየን።

ከዚያ በእንፋሎቱ ላይ የጣት አሻራ ወጣ። አንድ... ቀጥሎ ሌላ... በመጨረሻ አምስቱም።

ቅርጿ ከመሰኪያው ወጣች። መርፌው ዜሮ ላይ ወደቀ። ቫልቭ ስትነቀል እንደሚወድቀው።

በአየር ላይ ሄዳ ክብሩ ፊት ቆመች።

ክብሩ ዕቃ እንደሚቀበል ሰው ቀኝ እጁን ዘረጋ... ወዶ አይመስለኝም። ጣቶቹ ተጨበጡ።

"እንግዶች ሊመጡ ነበር" አለ። "እሱ ምሳ ወጥቶ... ሬዲዮው እንዲሰማ ቸኮልኩ። ሳልፈትሽ የሰካሁት እኔ ነኝ። እሱ ተመልሶ ብረቱን ነካ።"

እስከዚያ ቀን እርስዎ እለው ነበር። አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

"ሰው ገድለህ ስሙንም ገደልክ" አልኩት። "ተነሥ። ለሩሃማ አንተው ንገራት።"

"እነግራታለሁ... ልቀቀኝ።"

የሚያየው እኔን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ክብሩ የሩሃማ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራት። እሷ አላለቀሰችም። ቸልተኛ ያልከው ባሌን ነው ወይስ ራስህን፣ ብላ ጠየቀችው። እኔም አላዘንኩለትም... አሁንም አላዝንለትም።

ቀኝ እጁ ግን እንደተጨበጠ ነበር።

ጠጋ ብዬ አየሁት። የእጁ ጀርባ ላይ ቆዳው አምስት ቦታ ሰርጉዷል... ሌላ ሰው ከላይ አጥብቆ እንደያዘው።

እያየሁ... ስርጉዶቹ ጠለቁ።