ከበሮው የተመታ ጠዋት

ርዕሰ መምህሩ ከበሮውን ማን እንደመታ ሲጠይቁ ቴዎፊል እጁን አወጣ።

«አባባ ሲሞኖ ናቸው ጌታዬ። በመስኮት አይቻቸዋለሁ።»

አጠገቡ የተሰለፈው ኤቫሪስት ቀና ማለት አቃተው። ከበሮውን የመታው ራሱ ቴዎፊል ነው፤ አመታቱን ያስተማሩት ግን የናፖሊዮን ወታደር የነበሩት የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ከበሮ መቺ አባባ ሲሞኖ ናቸው። ኤቫሪስት ደግሞ ሰው እንዳይመጣ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅለት ነበር።

ለቀልድ ብለው ነው የጀመሩት። ግን የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ለዓመታት የነቁት በከበሮ ነው። ናፖሊዮን ከተራ የመድፈኛ መኮንንነት ተነስቶ የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ሲሆን ተማሪውን እንደ ወታደር በከበሮ ቀሰቀሰው። አምና ተሸንፎ ወደ ደሴት ሲጋዝ ከበሮው ቀረና ደወል ተሰቀለ። በመጋቢት አምልጦ ሲመለስ ልጆቹ ራሳቸው ደወሉን አውርደው ጨፈሩ። በሰኔ ዋተርሎ ላይ ዳግመኛ ሲወድቅ ደወሉ ተመልሶ ወጣ፤ ስሙን ማንሳትም ያስጠይቅ ጀመር።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከበሮው ሲሰማ ታዲያ መኝታ ቤቱ በሙሉ በእንቅልፍ ልቡ ተነስቶ ተሰለፈ፤ እንደ ለመደውም «ንጉሠ ነገሥታችን ለዘላለም ይኑር» ብሎ ጮኸ። ርዕሰ መምህሩ ሳይቀሩ በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። አዲሱ ንጉሥ የላካቸው ተቆጣጣሪ ደግሞ እንግዳ ክፍል ውስጥ ተኝተው ነበር፤ ጩኸቱ ቀሰቀሳቸው።

«ሲሞኖ እስከ ምሳ ሰዓት ጓዙን ጠቅልሎ ይውጣ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ሰልፉ ሲበተን ኤቫሪስት የቴዎፊልን ክንድ ያዘ። «ሽማግሌውን ሸጥካቸው እኮ።»

«ታዲያ አባቴ ይግደለኝ? ከአዲሱ ንጉሥ ሹመት ያገኘው ገና አሁን ነው። ደግሞ አንተም አለህበት፣ አፍህን ዝጋ።»

ኤቫሪስት ክንዱን ለቀቀው። ከተባረረ የሚጠብቀው የአጎቱ ቆዳ ፋብሪካ ነው። እናቱ ደግሞ እሱን እዚህ ለማስገባት ስንቱን ደጅ ጠንታለች።

አባባ ሲሞኖ ደረጃው ሥር ባለችው ክፍላቸው ጓዛቸውን ያስራሉ። ጣቶቻቸውን የሩሲያ ብርድ ስለበላቸው ገመዱን በጥርሳቸው ይጎትታሉ።

«እኔ አይደለሁም ለምን አላሉም?» አላቸው ኤቫሪስት።

«የእሱን ወታደር ማን ያምናል? ቴዎፊል መሆኑን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ከበሮ ሲመታ መጨረሻው ላይ ይጣደፋል። ስንቴ ነገርኩት መሰለህ።»

ኤቫሪስት ገመዱን ተቀብሎ ቋጠረላቸው። «ናፖሊዮን አውሬ ነበር ይላሉ። እውነት ነው?»

ሽማግሌው ጆሯቸውን ነካ አደረጉ። «አንዴ በሰልፉ መሃል ሲያልፍ ስሜን ጠርቶ ይችን ቆነጠጠኝ። ደስ ሲለው እንዲያ ነበር። ልጄን ደግሞ በረዶ ላይ ትቶት መጣ። ሁለቱም እሱ ነው።» ጓዛቸውን ወደ በሩ ገፉ። «አሁን ባሕር መሃል ብቻውን አስቀምጠውታል አሉ። ያን ሁሉ ሰው ያዘዘ፣ የሚያወራው ሰው አጥቶ። ምን ላድርግ፣ አሳዘነኝ።»

«የት ይሄዳሉ?»

«እንጃ። ስወጣ አየዋለሁ።»

«ትንሽ ይጠብቁኝ፣ አባባ።»

ቴዎፊል ደረጃው ላይ አገኘው። «ወዴት ነው?»

«ርዕሰ መምህሩ ጋ።»

«ልታጋልጠኝ?»

«አባባ እንዳልሆኑና በሩን የጠበቅኩት እኔ እንደሆንኩ እናገራለሁ። ያንተን አንተ ታውቃለህ።»

ኤቫሪስት በሩን አንኳኳ። ዞር ሲል ቴዎፊል እዚያው ደረጃው ላይ ነበር፤ አልወረደም፣ አልወጣምም። ከውስጥ «ግባ» የሚል ድምፅ መጣ።