ጨው ያልገባበት ዳቦ

የወጥ ቤቱን መስኮት ነፋስ አላትሞ ሰበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊጡ አልነሳም አለ። ልጅቷ ጎድጓዳ ሳህኑን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው፤ ምድጃው አጠገብም አስጠጋችው። ሊጡ ኩፍ ማለቱን ትቶ እንዳኮረፈ ሰው ተኛ።

«የሰው ዓይን ነው» አለች አክስቷ።

«ብርዱ ነው እትዬ። መስታወት ቆራጭ ይጠራልኝ።»

መስታወት ቆራጩ በማግስቱ መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ ላይ ፕላስተር የማይጠፋ ወጣት ነበር። ፍሬሙን ለካ፤ መስታወቱን የሚይዘውን አሮጌ ስቱኮ ፋቀ፤ አዲሱን መስታወት ገጠመ። ሥራውን ሲጨርስ ተንበርክኮ ወለሉን በመዳፉ መዳሰስ ጀመረ።

«ምን ጠፋህ?» አለችው።

«ምንም። በባዶ እግርዎ እንደሚቆሙ አየሁ። ስብርባሪ እንዳይወጋዎት ነው።»

«አንቱ አትበለኝ። ገና ምን አረጀሁና።»

«እሺ። በባዶ እግርሽ አትቁሚ።»

ቀና ብላ አየችው። ቶሎ ዞር አለች። እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ነበር፤ የት እንደምታደርገው ጠፋት።

«ዳቦ ባቀመስኩህ ነበር» አለች፤ «ዛሬም አልነሳልኝም።»

«ሌላ ቀን» አለ።

ሌላ ቀን መጣ። ስቱኮው መድረቁን ሊያይ ነው። ወደ ቤት አልገባም፤ በውጭ በኩል ቆሞ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገ። እሷ በውስጥ በኩል ቆማ አየችው። ከሰነበተ በኋላም መጣ፤ አሁንም ስቱኮውን ሊያይ ነው።

«የመስኮት ስቱኮ ነው ወይስ የግድብ ሲሚንቶ?» አለች አክስቷ። «ይሄ ልጅ እስኪደርቅ ሊሸብት ነው።»

ከዚያ በኋላ መስኮቱን ተወው። እሷ ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ማዶ ይቆምና አብረው ወደ ቤቷ ይሄዳሉ። እሷ ትፈጥናለች፤ እሱ ይከተላል። አንድ ቀን በእጇ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ወጣች።

«ያምርብኛል?»

ቆሞ አያት። «ስፌቱ ያምራል። ቀለሙ አንቺን አይወድሽም።»

ተናደደች። ጥቂት እንደሄዱ ሳቋ አመለጣት። በቤቷ ውስጥ እንዲህ የሚናገር ሰው ካየች ቆይታ ነበር።

በቤቷ ውስጥ ውሸት ነበር።

አባቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ልቡን ታሞ ሆስፒታል ከርሞ ሲወጣ ሐኪሙ ጨው ከለከለው። አባትየው አልሰማም። «ጨው ከሌለበት ማዕድ አፈር ይሻለኛል» አለ፤ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። እናቷ በሕይወት የለችም። ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ነው። ነገሩ በእሷ እጅ ወደቀ።

እሷም ጨውን በአንድ ቀን አላጠፋችም። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ከትንሽም ትንሽ እያለች ከዳቦውም ከሾርባውም አወጣችው። አባቷ አንድ ቀን ቁራሹን አኝኮ አኝኮ «ይሄ ዳቦ ምን ነክቶታል?» ሲላት፣

«ዳቦው ደህና ነው አባዬ። ምላስህ ነው። የሕመሙ ነገር ነው፤ ይመለሳል» አለችው።

ወንድሟና አክስቷም ደህና ነው አሉ። የጨው ዕቃው ከወጥ ቤት ወጥቶ በአክስቷ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በሻርፖቹ መሐል ተደበቀ። አባትየው ከሕመሙ ወዲህ ከግቢ አይወጣም፤ የሌላ ሰው ምግብ አይቀምስም። በየገበታው ሦስት ሰዎች አልጫ አልጫውን እየዋጡ «እንዴት ይጥማል» ይባባላሉ። አባትየው ሲያኝክ ዓይናቸው አፉ ላይ ነው። ማንኪያ ሲወድቅ ይደነግጣሉ። ልጅቷ አንድም ምሳ ተረጋግታ በልታ አታውቅም።

አንድ እሁድ፣ አባቷ እንዲያየው ብላ መስታወት ቆራጩን ለምሳ ጠራችው። ከማለዳ ጀምሮ አልተቀመጠችም። ዶሮ በድንች ሠራች። ሊጡ በዚያ ቀን አላሳፈራትም፤ ከሳህኑ አፍ አልፎ ተነሳ። ፎጣውን ገልጣ አየች፤ መልሳ ሸፈነች፤ መልሳ ገለጠች። አባቴ ይወደው ይሆን? እሱስ አንገቱን ደፍቶ ይቀር ይሆን? ይህን ሁሉ ስታስብ አንዱን ነገር ረሳችው። ውሸቱ ከመክረሙ የተነሣ እንደ ቤቱ ግድግዳ ሆኖባት ነበር። ለእንግዳው ሳትነግረው ቀረች።

እንግዳው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። አባትየው ስለ ሥራው ጠየቀው፤ በአጭሩ መለሰ። አባትየው ዝምተኛ ሰው ይወዳል። ደስ እንዳለው ልጅቷ አየች፤ ትንሽ ተነፈሰች።

«በል የልጄን ዳቦ ቅመስ» አለ አባትየው። «እኔ እንኳ ጣዕሙን ከረሳሁት ቆየሁ። እንዴት ነው?»

እንግዳው ቆረሰ። ቀስ ብሎ አኘከ።

«ልስላሴው ጥሩ ነው» አለ። «ጨው ግን ተረስቷል።»

አክስቷ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

«አለው እንጂ» አለ ወንድሟ ፈጥኖ። «እኔ ጨውማ በዛ ልል ነበር።»

እንግዳው ግራ ገባው። ሾርባውን ቀመሰ። «እዚህም የለም» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባትየው ማንኪያውን አስቀመጠ። እንግዳውን አላየም፤ ያየው ልጁን ነው።

«ምላሴ ደህና ነው?»

ልጅቷ የዳቦውን ፎጣ አጣጠፈች።

«ሎሚው ይኮመጥጠኛል፤ ስኳሩ ይጣፍጠኛል፤ ጨው ብቻ ጠፋብኝ። በየማለዳው መስታወት ፊት ቆሜ ምላሴን አያለሁ። ሞት ከአፌ ጀመረ፣ ቀጥሎ ዓይኔ ነው፣ ቀጥሎ እግሬ ነው እያልኩ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። እናንተ ግን ታውቁ ነበር።»

ይህን አላወቀችም ነበር። ፈርቶ እንደከረመ አላወቀችም።

አባትየው ተነሣ፤ ኮቱን ለበሰ፤ ወጣ። ማንም አልተከተለውም። ቢከተሉት እንደሚብስበት ያውቃሉ።

እንግዳውን እስከ በር ሸኘችው። ሁሉንም ነገረችው።

«ብነግርህ ኖሮ ዝም ትል ነበር?»

አሰበ። «አላውቅም» አለ።

«ለእኔ ስትል እንኳ?»

«ፊት ለፊት ቢጠይቁኝ... አላውቅም።»

«እንግዲያው አትምጣ» አለች። በሩን ዘጋች። በሩ ላይ ተደግፋ ኮቴው እስኪርቅ አዳመጠች፤ ቶሎ አልራቀም።

ከዚያ በኋላ አባትየው ከቤት መብላት ተወ። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ምግብ ቤት፣ ከድሮ ባልደረቦቹ ጋር ይቀመጣል፤ ጨው በእፍኙ ይነሰንሳል። ማታ ሲመለስ አይናገርም። የጫማው ማሰሪያ መጀመሪያ ላላ፤ በኋላ ጭራሽ አልታሰር አለ። ልጅቷ እግሩን አይታ ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች፤ ከወጥ ቤት ወደ በረንዳ፤ ከበረንዳ ተመልሳ ወጥ ቤት። መርፌ ጣቷን ይወጋታል። የጋገረችው ዳቦ ሳይቆረስ ይደርቃል።

«ልጅቷ ወለሉን ጨረሰችው» አለች አክስቷ። ይህን ያለችው ለመስታወት ቆራጩ ነው፤ ሱቁ ድረስ ሄዳ። «አንተስ ምን ሆነህ ነው?»

አጠገቡ አጥምሞ የቆረጠው መስታወት ተደግፎ ነበር።

«ምንም» አለ። ከዚያም «አባቷ የት ነው የሚበሉት?» ብሎ ጠየቀ።

ምግብ ቤቱ ሄዶ አባትየውን ብቻውን ተቀምጦ አገኘው።

«ልታስታርቅ ነው የመጣኸው?»

«ልበላ ነው» አለና ተቀመጠ። የአባትየው ዓይነት ምግብ አዘዘ።

«እንዴት ነው?» አለ አባትየው፤ ፈተና ነበር።

«ጨው በዝቶበታል። እግርዎም አብጧል።»

«እግሬን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። አየሁት።»

«የቤቴ ሰዎች እያዩ አላየንም አሉኝ።»

«ልክ አላደረጉም» አለ ወጣቱ። «ልጅዎ ልክ አላደረገችም። ግን ለራሷ ሌላ ዳቦ አልጋገረችም። ሁሉም የበሉት ከእርስዎው ዳቦ ነው። ጨው ከቤት ከወጣ ወዲህ ማንም አልቀመሰም።»

አባትየው ማንኪያውን አየር ላይ አቆመ። ይህን አላሰበውም ነበር።

«እህቴም?»

«እሳቸውም። ራሳቸው ነገሩኝ።»

«እሷ? በእናታችን ጡት ላይ ጨው ነስንሱልኝ የምትል ልጅ ነበረች።» ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ነበር። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ረዥም ጊዜ ወደ መንገዱ ተመለከተ።

«ተነሥ» አለ። «ቤት ድረስ ሸኘኝ።»

ልጅቷ ሊጥ ስታሽ ነበር። አባቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ቀና አላለችም።

«ጨው አለው?»

እጇ ቆመ።

«የለውም።»

«ምንም?»

«ምንም አባዬ።»

«ጨምሪበት።»

«አልጨምርም።» እንባዋ ወረደ፤ በትከሻዋ ጠረገችው። «ብትቆጣም አልጨምርም። ስላስፈራሁህ ይቅር በለኝ። ጨው ግን አልጨምርም።»

አባትየው በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ። ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለ፤ አቃተው። ተንበርክካ አወለቀችለት።

«እንግዲያው ቶሎ ጋግሪው» አለ። «ርቦኛል።» ከዚያም ጨመረ፤ «ያ ሰው ውጭ ቆሟል። አትምጣ ብላኛለች፣ አልገባም ይላል። እንዲህ ያለ ድርቅና ከማን ቤት እንደተማረ አላውቅም።»

በሊጥ እጇ ወጣች። አጥሩ ጥግ ቆሟል።

«አትምጣ ብዬህ ነበር።»

«አልመጣሁም። ሸኝቼ ነው።»

እሱ ጣቱ ላይ ያለውን ፕላስተር ነካካ፤ እሷ እጇ ላይ የደረቀውን ሊጥ ቀረፈች።

«እኔ ቤት ጨው ተመልሶ አይገባም» አለች። «አባቴ እስካለ ድረስ። ዕድሜህን ሙሉ እንዲህ ያለ ዳቦ መብላት ትችላለህ?»

ቶሎ እሺ ባለ ኖሮ ባላመነችው ነበር። አሰበ።

«ይከብዳል» አለ። «አንቺ የሌለሽበት ቤት ግን የበለጠ ይከብደኛል። ሞክሬ አየሁት።»

እጅጌውን በሊጥ እጇ ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው።

በዚያ ምሽት ገበታው ላይ ሁሉም አማረረ። አክስቷ ቁራሹን ወደ መብራቱ አንሥታ «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ ይሄኛው ድንጋይ ሆኖ ቀርቷል» አለች። ወንድሟ ከደንበኞቹ ፀጉር የተጋገረ ይመስላል አለ። ቤቱ እንዲህ ከጮኸ ቆይቶ ነበር። አባትየው እያንዳንዱን ስድብ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማ፤ በላ፤ ደገመ።

መስታወት ቆራጩ አንዱን ቁራሽ ይዞ ቆይቷል።

«አንተስ አትሳደብም?» አለው አባትየው።

«የኔን አስቀድሜ ብያለሁ።»

ልጅቷ አቀርቅራ ሳቋን ያዘች። በጠረጴዛው ሥር እግሯ እግሩን ፈልጎ አገኘው፤ እዚያው ቀረ።

አባትየው ትልቁን ቁራሽ ቆርሶ በወጣቱ ሳህን ላይ አስቀመጠ።

«እዚህ ቤት ከገባህ» አለ፤ «እንግዲህ ቻለው።»