የኤርሚያስ ሚሞሪ

ስክሪኑ እንደገና ሰማያዊ ሆነ።

«አሁንስ በዛ!» አለች ሲሃም ጠረጴዛውን በመዳፏ መትታ። የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ከሲዲ መቅዳቱ ገና ግማሽ ላይ ደርሶ ነበር። ትናንት ሩብ እንኳ ሳይሞላ ነው የቆመው፤ ከትናንት ወዲያ ደግሞ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ድርግም ብሎ ጠፋ። መብራት ሄዶ ቢሆን ኖሮ ትጽናና ነበር፤ ሸዋሮቢት ተወልዶ መብራት ጠፋብኝ ብሎ የሚያለቅስ የለም። መብራቱ ግን አለ። ቴሌቪዥኑም እየሠራ ነው። እምቢ ያለው የሷ ኮምፒውተር ብቻ ነው።

የሷ ነው ሲባልም የምር የሷ ነው። አዲስ አበባ አሮጌ ኮምፒውተር የሚፈታታ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው አጎቷ አብዱልሃዲ አንዴ ኬዙን፣ አንዴ ማዘርቦርዱን፣ አንዴ ሃርድ ዲስኩን በማዳበሪያ ከረጢት እየጠቀለለ በደሴ አውቶብስ ልኮላታል። ሞኒተሩ ሽንኩርት ሊጭን ከመጣ መኪና ላይ ነው የወረደው። የጎደለው ሚሞሪ ብቻ ነበር። እሱን የሰጣት የክፍሏ ልጅ ኤርሚያስ ነው፤ ያውም የራሱ ኮምፒውተር ካሉት ሁለት ሚሞሪዎች አንዱን ነቅሎ።

«የኔ በአንድም እየተንፏቀቀ ይሠራል» አላት። «ያንቺ ግን ያለሱ አይነሳም።»

ገጣጥመው የጨረሱት እነኤርሚያስ ቤት ነው። ለሙከራ የሱን ሃርድ ዲስክ ሰክተውበት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጌም ሲጫወቱበት ዋሉ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈም። ማታ ባጃጅ ሲጠራላት «መንገድ ላይ እንዳይነቃነቅ» ብሎ ሚሞሪውን ነቀለና በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። ሰማያዊው ስክሪን የጀመረው ቤቷ ከገባች በኋላ ነው።

መጀመሪያ ኤርሚያስን ጠየቀችው። «የሚሞሪውን ጥርስ በላጲስ ፈግፍጊው፣ ከዚያ ማስገቢያውን ቀይሪለት» አላት። ፈገፈገችው፤ ቀየረችለት። ያው ነው። ሲዲውንም ከሌላ ልጅ ተውሳ ሞከረች። ያው ነው። እልኩ ሲበዛባት አንድ ሐሳብ መጥቶ ጭንቅላቷ ውስጥ ቁጭ አለ፦ ወረቀቱ ውስጥ የጠቀለለልኝ ሌላ ቢሆንስ?

ሐሳቡን ይዛው ብትቀር ደግ ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን የፕላዝማው ትምህርት እንዳለቀ ክፍሉ ሙሉ እየሰማ ለቀቀችው። «ደህናውን ለራሱ አስቀርቶ የተቃጠለውን አሸከመኝ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ሸወድካት አይደል? አራዳ!» አለ አንዱ ከኋላ። ኤርሚያስ ጆሮው ድረስ ቀላ። «አልቀየርኩትም፣ ሲሃም» አለ ብቻ። ዓርብ ዕለት ደብተሩን ይዞ ከሷ ርቆ መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ጠዋት የሲሃም እናት ሙሚና ወገቧን አስራ ልብስ አጠባ ጀመረች። ሙሚና ራቁቱን የተቀመጠ ዕቃ ማየት አይሆንላትም። እነሱ ቤት ቴሌቪዥኑም፣ ቴፑም፣ የውሃው ጀሪካን ሳይቀር በኪሮሽ የሠራችላቸው የዳንቴል ልብስ አላቸው። ለኮምፒውተሩ ደግሞ ገና ኬዙ ብቻ እንደመጣ ነው የጀመረችለት፤ ነጭ፣ ዳሩ አረንጓዴ፣ ከፊቱ በቀር ሦስቱንም ጎን እስከ እግሩ የሚሸፍን። ሲሃም ልብሱን ልብ ብላው አታውቅም። ዕቃ ልብስ ይለብሳል፤ አለቀ።

«አቧራ ጠጥተዋል፤ ዛሬ ሁሉንም ነው የማጥበው» አለች ሙሚና፣ የኮምፒውተሩንም ገፍፋ እየሄደች።

ሲሃም ተስፋ ብትቆርጥም እጇ አላርፍ ስላላት ሲዲውን እንደገና ከተተችው። ሩቡን አለፈ። ግማሹን አለፈ። ቀድቶ ጨረሰና ራሱ ጠፍቶ ራሱ ተነሣ፤ እስከዛሬ እዚህ ደርሶ አያውቅም። መጫኑን ቀጠለ።

«እማ! እማ ነይ፣ ድረሺ!»

የሮቢት ፀሐይ ልብስ ለማድረቅ ጊዜ አትፈጅም። ሙሚና የደረቀውን ዳንቴል ክንዷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። «ማሻአላህ! ልጄ ሠራላት!» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ ዳንቴሉን አለበሰችውና በኋላ በኩል ጎተት ጎተት አድርጋ አስተካከለችለት። «ራቁቱን አይዋል። አቧራ አለ፣ ዓይንም አለ።»

ብዙም አልቆየ። የኮምፒውተሩ ፋን መጮህ ጀመረ። ጩኸቱ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደና ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

ሲሃም ስክሪኑን አየች፤ ዳንቴሉን አየች። እጇን በዳንቴሉ ሥር ወደ ኋላ ስትሰድ ኬዙ እንደ ምጣድ ግሏል። ሰው በረንዳ ላይ በሚያድርበት ሙቀት ይህ ማሽን ደርቦ ለብሶ ነበር የሚሠራው። እነኤርሚያስ ቤት ግን ማንም አላለበሰውም።

ክው አለች።

«ምነው? ምን ሆነብሽ?» አለች እናቷ።

ሲሃም አፏ ውስጥ ያለውን ለማውጣት ተቸገረች። ይህን ልብስ እናቷ ከገበያ ደክማ እየገባች ነው የሠራችው። «እማ… ይሄ ነገር የሚተነፍሰው በጀርባው ነው። ሲሸፈን ይታፈናል።»

ሙሚና ዳንቴሉን አየችና እጇን አጨብጭባ በሳቅ ፍርስ አለች። «ወይ ጉዴ! እኔ ነኛ ሳፍነው የከረምኩት! አፉ በለኝ!» አለችው ኮምፒውተሩን፣ ልብሱን ከላዩ እየገፈፈች። ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አላት። «እንግዲያ ያ ልጅ የሰጠሽ ነገር ደህና ነዋ! አልሃምዱሊላህ፣ በየሶላቱ ዱዓ የማደርግለት በከንቱ አይደለም። ካለው ላይ እኩል ነው እኮ ያካፈለሽ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?»

እናቷ ቤት ውስጥ በየሶላቱ ስትመርቀው፣ ሲሃም ክፍል ውስጥ መሣቂያ አድርጋዋለች። ሚሞሪውን ሲሰጣት ደስታው አክንፏት «አመሰግናለሁ» ማለቷን እንኳ እርግጠኛ አይደለችም። አሁን ምስጋናው አንድ ላይ መጣባትና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ማሽኑ ሲበርድ እንደገና አስነሣችው። ፋኑ በቀስታ ይዞራል፤ አረንጓዴዋ የመጫኛ መስመር ደረጃ በደረጃ ትረዝማለች። ስንት ወር የጠበቀችው ይህንኑ ነው።

ማታ እነኤርሚያስ ቤት ሄዳ በር ላይ ጠርታ በሹክሹክታ ልትነግረው ትችላለች። እሱም «ምንም አይደል» ብሎ ይተወዋል፤ ታውቀዋለች። ሐሙስ ዕለት የጮኸችው ግን በሹክሹክታ አልነበረም። ተነሥታ ሻሿን አጠለቀች።

«ሳያልቅ የት ነው?» አለች እናቷ።

«ኳስ ሜዳ። መጣሁ።»

ክፍል ውስጥ የሳቁት ልጆች ሁሉ ሜዳው ላይ ነበሩ። ኤርሚያስ ጎል ጠባቂ ነው። በጎሉ ጀርባ ዞራ ብትጠራው ማንም አያያትም ነበር። ሲሃም መሐል ሜዳውን ሰንጥቃ ገባች።

«ኧረ ውጪ! ጨዋታ ላይ እኮ ነን!»

«ኤርሚያስ የሰጠኝ ሚሞሪ ደህና ነው!» ሁሉም ሰማ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩን ቤታችን ነው ያፈንነው። ሐሙስ ያልኩት በሙሉ ስህተት ነው።»

ኳሱ ቆመ። የሚስቅም አልነበረም። ሲሃም ወደ ጎሉ ዞረች። «ይቅርታ፣ ኤርሚያስ። ደግሞ አመሰግናለሁ። ያኔ ሳልልህ ቀርቻለሁ።»

ኤርሚያስ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ።

«ተጭኖ አለቀ?»

«እንጃ» አለች። «ትቼው ነው የመጣሁት።»