አምስቱ መስመሮች

«ማንበብ ባላውቅ ዓይን አለኝ» አሉ እትዬ ማናለብሽ፣ የደብዳቤውን ግርጌ በጣታቸው እየነኩ። «ይኸ አምስት መስመር የት ገባ?»

ደብዳቤውን የምታነብላቸው የሻረግ ዓይኗን ከወረቀቱ አነሣች። በ1958 ዓ.ም. ዳንግላ ውስጥ ደብዳቤ የመጣለት ሰው ተማሪ ፈልጎ ነው የሚያስነብበው። ለእትዬ ማናለብሽ ደግሞ ከልጃቸው ከውቢት ጓደኛ የቀረበ ከየት ይመጣል? ውቢት ከስድስተኛ ክፍል ተነሥታ አዲስ ቅዳም ከተማ ከተዳረች አራት ወሯ ነው።

የውቢትን ደብዳቤ የላይኛውን ክፍል አንብባላቸዋለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» የሚለውን፣ ሰላምታውንም በየስሙ። የታችኛው ግን የሁለቱ ልጆች የምስጢር ጽሑፍ ነው። በሀ ፈንታ ፐ፣ በለ ፈንታ ፈ እያሉ ፊደል ገበታውን ከኋላ ወደ ፊት የገለበጡት አምስተኛ ክፍል ሳሉ ነበር። በዚህ አጻጻፍ ውቢት «ኝዲይ» ናት፤ ስንት ቀን ስቀውባታል! ዛሬ ያ ጨዋታ ደብዳቤዋን ሳያነብ የማያሳልፈውን የባሏን ወንድም ማምለጫ ሆነ። ዲያቆን ነው፤ ይኸ ምንድን ነው ቢላት «የትምህርት ቤት መልመጃ» ብላው ይሆናል።

የሻረግ በልቧ ገልብጣ አንብባዋለች።

«ሳል ይዞኛል። ደም እተፋለሁ። አማቴ ሥራ ጠልታ ነው ይላሉ። ለእናቴ እንዳትነግሪ። የወንድሜ ሐዘን ሳይወጣላት ይኸን ብትሰማ ትሞትብኛለች። በማርያም ይዤሻለሁ።»

«የትምህርት ነገር ነው እትዬ» አለች የሻረግ። «ለእኔ ነው የጻፈችው።»

የእትዬ ማናለብሽ ፊት በራ። «እሰይ! ትምህርቷን አልረሳችማ። በይ መልሱን ጻፊልኝ፤ ቅዳሜ ገበያተኛ ያደርስልኛል። ለፋሲካ እመጣለሁ በያት።»

የሻረግ «ለፋሲካ» ብላ ጻፈችና ቆመች። ጾሙ ከገባ ገና ሳምንት አልሞላውም። እስከ ፋሲካ ደም የምትተፋ ልጅ ምን ትሆናለች? ሐኪም ቤት ያለው እዚህ ነው፤ የሚወስዳት ሰው ግን እዚያ የለም። ብትናገር ደግሞ በማርያም የተያዘችበትን ማፍረሷ ነው። ውቢት ይቅር ላትላት ትችላለች፤ ከእንግዲህም በዚያ አጻጻፍ የሚጽፍላት ሰው አይኖርም።

«ምነው ቆምሽ ልጄ? ቀለሙ አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም።» የሻረግ ብዕሩን አስቀመጠች። «እትዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ፋሲካን አይጠብቁ፤ ውቢት ታማለች።»